ለመሸነፍ የተጫረቱት

ስለ ጨረታ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጉቦ ነው። ሻይ ቤትም ይሁን ልቅሶ ቤት፣ ጨረታ የሚለው ቃል ከተነሳ አንዱ አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር ያፋትጋል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ወሬው ተዘጋ። ጉቦ የለም ልል አይደለም፤ ያን ያህል አላበድኩም። ግን በዕድሜዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብዬ የተከታተልኩት የመንግሥት ግንባታ ጨረታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተበላሸው በጉቦ አይደለም፣ በዝምድናም አይደለም። የተበላሸው በደግነት ነው። እንዲያውም ተጫራቾቹ ሁልጊዜ እንደሚታሙት ተመሳጥረው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሰላም ያልቅ ነበር።

ያኔ ከጅማ ወጣ ብለው ካሉት የቡና ከተሞች በአንዷ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ዘመኑ የጨረታ ዘመን ነበር። ቀድሞ በትእዛዝ ይሠራ የነበረው ሁሉ፣ ከትምህርት ቤት አጥር እስከ ገበያ ዳስ፣ በማስታወቂያ ይወጣል። የማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም ይለጠፋል፤ ከሁሉም ማስታወቂያ ግርጌ ያችው ዓረፍተ ነገር አለች፦ መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። ባነበብኳት ቁጥር ትገርመኛለች። አንድ ወንድ ሽማግሌ ሲልክ ይህችን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ቢጨምር በዱላ ነው የሚባረረው። መንግሥት ሲጽፋት ግን ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሰነድ ይገዛል።

ሽማግሌ ስል ወደ ጉዳዬ ገባሁ። ጅማ አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ እሱም ወደዚያች ከተማ መጥቶ ሥራ ተቋራጭ ሆኗል። ሆኗል ስል ፈቃድ አውጥቷል ማለቴ ነው። ማህተም አለው፤ በሩ ላይ ስሙን ከነማዕረጉ በቀይ ቀለም አስጽፏል፤ ቢጫ የራስ ቆብ ገዝቶ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ጭኑ ላይ አድርጎ ይሄዳል። የሠራው ነገር ግን አልነበረም። የዶሮ ቤት እንኳ አልሠራም። ይህ ሁሉ ሆኖ የአንድ ቡና ነጋዴ ልጅ ይወዳል፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ልጅ ናት። እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አባትየው ናቸው። ሐጂው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና የገዙ ሰው ናቸው፤ ፍሬውን በጥርሳቸው ሰብረው ድርቀቱን ሳያረጋግጡ ለማንም «እሺ» ብለው አያውቁም።

ሽማግሌ ሆነን ሦስት ሰዎች ሄድን። እኔ በዕድሜ ትንሹ ነበርኩ፤ የተመረጥኩት አፍ አለው ተብዬ ነው።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ ሐጂው።

«ሥራ ተቋራጭ ነው፣ ሐጂ» አልኩ።

«ማሻአላህ። ምን ሠርቷል?»

ሦስታችንም ምንጣፉን ማጥናት ጀመርን። አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ፦ «ፈቃድ አለው።»

«የአደን ፈቃድ ያለው ሁሉ አንበሳ ገድሏል?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን አለዘቡ። «ልጄን አልከለከልኩም። የሠራውን ያሳየኝ። ግድግዳም ይሁን ድልድይ፣ ሄጄ በእጄ ልንካው። ከጅማ ሌሎች ሽማግሌዎች መጥተውብኛል፤ የቡና ለቀማው እስኪያልቅ መልስ አልሰጥም ብያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን እሰጣለሁ።»

ግንቦት ነበር። ጓደኛዬ ቆቡን ደፍቶ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ሮጠ። እዚያ የተለጠፈው ጨረታ አንድ ብቻ ነበር፦ ባለ ስድስት ክፍል የመናኸሪያ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ግንባታ።

ልጅቷ ስትሰማ መድኃኒት የሚገዙትን ሰዎች እስክታስደነግጥ ድረስ ሳቀች። «ልጆቻችን ሲጠይቁኝ ምን ልበል? አባታችሁ ሽንት ቤት ሠርቶ ነው ያገባኝ?»

«ባለ ስድስት ክፍል በያቸው» አላት።

በከተማዋ ጨረታ ላይ የሚቀርቡት ሁልጊዜ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ከደዶ የመጣ፣ ሲስቅ ወንበሩ አብሮት የሚስቅ ወፍራም ሰው ነው። ሁለተኛው የሊሙ ሰው ነው፤ መቁጠሪያው ከእጁ የማይለይ፣ የሚናገረውን ለመስማት ጎንበስ የሚባልለት። ሦስተኛው ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ከተማው ሁሉ ሻምበል ይለዋል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጨረታ በሚከፈትበት ጠዋት ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ቁርስ ቤት አብረው ጨጨብሳ ይበላሉ። ስለ ቡና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። ስለ ጨረታው ግን ትንፍሽ አይሉም። ከተማው «እዚያ ነው የሚስማሙት» እያለ ያማቸዋል። እኔ ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ፤ ያየሁት ይሉኝታ ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊያሸንፉት ከሚፈልጉት ሰው ጋር ከአንድ ሳህን እየበሉ ዋጋ ማንሳት ነውር ነው።

ይህን ሕግ ያፈረሰው የእኔ ጓደኛ ነው። ሰነዱን የገዛ ዕለት ቁርስ ቤቱ ውስጥ አብሯቸው ተቀመጠና የሐጂውን ነገር እንደ ቀልድ አድርጎ ተናገረ።

«ወላሂ?» አለ የደዶው፤ ወንበሩ ተንጫጫ። «እኔ ለሚስቴ ላም ነው የነዳሁት፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ።»

«ላም ቀላል ነው» አለ ሻምበል። «ላም ዲዛይን አይጠየቅላትም።»

የሊሙው ሰው ብቻ አልሳቀም። «አላህ ያግራልህ» አለና የሁላችንንም ሻይ ከፍሎ ወጣ። ሌሎቹም አፋቸውን እየጠረጉ ተነሱ። እኔ ወሬው እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጨረታው በሚከፈትበት ጠዋት ተማሪዎቼን ራሳቸውን ችለው እንዲያነቡ አዝዤ (አስተማሪ ሲቀር የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነው) ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሄድኩ። ሁለት ቁልፍ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የፋይናንስ ኃላፊዋ ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፈገግታዋን ለበዓል የምታስቀምጥ ሴት። ሰዓቱ ሞልቶ ሳጥኑ ሊከፈት ሲል በሩ ተንቋቋ። ሐጂው ከዘራቸውን ይዘው ገቡ።

«ሐጂ፣ እርስዎም ተጫራች ነዎት?» አለቻቸው።

«ሕዝብ ነኝ» አሉ። «ወረቀታችሁ በግልጽ ይከፈታል ይላል።» የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጓደኛዬ ቆቡን ከጭኑ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

መጀመሪያ የደዶው ሰው ፖስታ ተከፈተ። ኃላፊዋ ወረቀቶቹን አገላበጠች፣ ፖስታውን ወደ ታች ይዛ አራገፈችው። «የጨረታ ማስከበሪያው የታለ?»

«የለም?» አለ፤ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ። እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ዋይ! ማሎ! ቤት ረሳሁት!» ያን ያህል መጥፎ ተዋናይ አይቼ አላውቅም።

«ውድቅ» አለችና ጻፈች።

ቀጥሎ የሊሙው ሰው ሰነድ ወጣ። ንጹሕ ነው፤ ዋጋው አምሮ ተጽፏል። ግን አንድም ገጽ ላይ ፊርማና ማህተም የለም።

«ማህተምዎስ?»

«ቀለም አልቆብኝ ነው» አለ በለሆሳስ። የሸሚዙ የደረት ኪስ ላይ ግን ገና ያልደረቀ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ሰማያዊ ነጥብ ነበር። ማህተሙን እዚያ ይዞታል።

«ውድቅ።»

ሻምበል ማስከበሪያውንም ማህተሙንም አሟልቷል። ያያያዘው የንግድ ፈቃድ ግን የአምናው ነው። «ዘንድሮ ማሳደሱን ዘነጋሁ» አለ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ። የዘንድሮው ፈቃድ በመስታወት ተደርጎ ቢሮው ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ለማየት በመስኮት አሻግሮ መመልከት ይበቃ ነበር።

«ውድቅ።»

በመጨረሻ የጓደኛዬ ፖስታ ተከፈተ። ኃላፊዋ ገጽ በገጽ አየችው። ማስከበሪያ አለ፣ ማህተም አለ፣ ፈቃድ አለ። «የተሟላ ነው» አለች። ጓደኛዬ ዞሮ ወደ ኋላ አየ። ሐጂው ጢማቸውን ይዳስሱ ነበር። ለእኔ ይህ እሺ ማለት መሰለኝ። በልቤ የሠርግ ልብስ መምረጥ ጀመርኩ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «ብቁ ሆኖ የቀረው ተጫራች አንድ ብቻ ነው። ከማን ጋር ሊወዳደር ነው? ጨረታው ተሰርዟል፤ በድጋሚ ይወጣል።»

ሦስቱ ሰዎች ቀስ ብለው እርስ በርስ ተያዩ።

«አንተ ምን ሆነህ ነው?» አለ የደዶው ለሊሙው።

«አንተስ?»

«እኔማ አንተና ሻምበል አላችሁ ብዬ ነው!»

«እኔም አንተና ሻምበል አላችሁ ብዬ።»

ሻምበል እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። «አንድ ሰው እንኳ በሥርዓት የሚሸነፍ ይጠፋል?»

እያንዳንዱ ለብቻው፣ ለማንም ሳይናገር፣ ለአፍቃሪው መንገድ ለቆለት ነበር። መልካም ሥራ ሲሠራ አይወራም ብለው ደብቀውታል። ቁርስ ቤቱ ውስጥ አንዲት ቃል ቢነጋገሩ፣ ማለትም ሕዝቡ እንደሚያማቸው ሴራ ቢጠነስሱ፣ ሁለቱ የተጋነነ ዋጋ አስገብተው በክብር ይሸነፉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለአዲስ አበባ ሰው ስነግር አያምነኝም። የደዶው ሰው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «እህቴ፣ ማስከበሪያው መኪናዬ ውስጥ ነው። ላምጣው?»

«ቤት ረሳሁት አላሉም?»

«አሁን ትዝ አለኝ።»

የሊሙው ሰው ማህተሙን ከኪሱ አውጥቶ እፍ ይልበት ጀመር። ሻምበል «ቢሮዬ እኮ ቅርብ ነው፣ በሩጫ ደርሼ መመለስ ነው» ይላል።

«እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ለማሸነፍ የሚያለቅስ ብዙ አይቻለሁ» አለች ኃላፊዋ። «ለመሸነፍ የሚለምን ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ይህን ለበላይ ሪፖርት ባደርግ ተመሳጥረዋል ነው የሚሉኝ።»

«ተመሳጥረን ቢሆንማ እንዲህ እንቀር ነበር?» አለ ሻምበል። ሳጥኑን ቆልፋ ወጣች።

ሐጂው ግቢው ውስጥ ከዘራቸውን ተደግፈው ጠበቁን። «ማል ታኤ?» አሉ፤ ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነው፤ ምን እንደተፈጠረ ግን ከእኛ ቀድመው የገባቸው ይመስለኛል። የደዶው ሰው እንደ ልጅ ተናዘዘላቸው። የሚያመሰግኑ መስሎት ነበር።

«እናንተ ሰዎች» አሉ፤ ከዘራው ተነሳ። «ለአንዱ ሚስት በመዋጮ ልትገዙለት ነው? እኔ ልጄን በምጽዋት ልሰጥ? ገበያ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ቡና ነጋዴ ባገኝ የዋህ ነው አልለውም፤ ነገ እኔንም ይጥለኛል ነው የምለው።» ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። «አንተም፣ በሰው ትከሻ ላይ ቆመህ ረዘምኩ ልትለኝ?»

«ሐጂ፣ አላወቅኩም ነበር» አለ። እውነቱን ነው።

«እንግዲያው ማሉልኝ። በሚቀጥለው እያንዳንድሽ ለራስሽ ትጫረቺያለሽ!» አሉ፤ ሲቆጡ እንዲህ ነበር የሚሉት። ሁለቱ ወላሂ አሉ። ሻምበል በሚካኤል ማለ። ጓደኛዬም ማለ፤ ከማን ጋር እንደሚወዳደር አሁን ገና ገብቶት ፊቱ አመድ መሰለ።

ሁለተኛው ጨረታ የወጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ ዝናቡ የማዘጋጃ ቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበ። ጠዋት ቁርስ ቤቱ ውስጥ አራቱም ጨጨብሳውን ዝም ብለው በሉ፤ የደዶው ሰው ወንበር እንኳ አልጮኸም። አዳራሹ ውስጥ ሰነዱ ሁሉ ሙሉ ነበር። ሁሉም እንደ መሐላው በእውነት ተወዳድሮ ነበር፤ ዝቅተኛው ዋጋ የደዶው ሰው ሆነ። ጓደኛዬ ሁለተኛ ወጣ።

አሸናፊው ስሙ ሲጠራ የሞት ፍርድ እንደተነበበበት ሰው ተቀመጠ። «ልተወው እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀ። «ይችላሉ» አለች ኃላፊዋ፤ «ማስከበሪያዎ ይወረሳል፣ እርስዎም ከጨረታ ይታገዳሉ።»

ጓደኛዬ አቀፈው። «አሸንፈሃል እኮ፣ እንዳትተወው» አለው። ከዚያ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ተከትዬው ወጣሁ። ስለ ነፃ ውድድር በመድረክ ብዙ ሰምቼ፣ በመጽሐፍም ብዙ አንብቤ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን አንዱም አልመጣልኝም። «ቡናው መቅላት ሊጀምር ነው» አለኝ ብቻ፤ ዝናቡ ቆቡ ላይ ይንጠባጠባል።

በማግስቱ የደዶው ሰው ወደ ሐጂው ቤት ሽማግሌ ላከ። አዎ፣ ይቅርታ የሚጠይቅለት ሽማግሌ። የሊሙው ሰው፣ ሻምበልና እኔ ነበርን። ለአንድ ልጅ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ ለተቀናቃኙ የሄደ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

«ደግሞ ምን ፈልጋችሁ ነው?» አሉ ሐጂው።

«ይቅርታ ልንጠይቅ ነው፤ ለደዶው ወንድማችን» አለ የሊሙው ሰው።

«ምን አጠፋ?»

የሊሙው ሰው መቁጠሪያውን አየ። ሻምበል ጣሪያውን አየ። «አሸነፈ» አልኩ።

ሐጂው ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ይስቁ ነበር። «አንተ አስተማሪ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እኔ መጀመሪያ የመጣህ ቀን ምን ብዬ ጠየቅኩህ? ምን ሠራ አልኩ እንጂ ምን አሸነፈ አልኩ? ጨረታውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። የደዶው ሰውዬ ይህን ሥራ ብቻውን ነው የሚሠራው? ፎርማን አይቀጥርም?»

እስከ ዛሬ ድረስ ማንም ይህን ለምን አላሰበም ብዬ እገረማለሁ። ስለ ሥራ ለሦስት ወር ስናወራ ከአሸናፊና ተሸናፊ ሌላ የታየን ነገር አልነበረም። የደዶው ሰው ሲሰማ ተነስቶ ጮኸ፤ ያኔውኑ ጓደኛዬን ፎርማን አደረገው።

መስከረም ላይ መሠረቱ ተቆፈረ። ጓደኛዬ ቢጫ ቆቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታሰበለት ነገር ተጠቀመበት፤ ወዲያው ከሠራተኞቹ እጅ ጣውላ ወደቀበት። መዶሻ ስቶበት የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠቆረ። ቀድሞ ስለ ኮንክሪት ሲያወራ እንደ ካድሬ ነበር የሚያወራው፤ አሁን አሸዋው ጭቃ አለው ብሎ መኪና ሙሉ ይመልሳል። ሐጂው አልፎ አልፎ ከመስጊድ ሲመለሱ ይቆማሉ፤ ግድግዳውን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ ድምፁን አዳምጠው፣ ምንም ሳይሉ ይሄዳሉ። ልጅቷ ደግሞ ከመድኃኒት ቤቱ ለጣቱ ፋሻ ትልክለታለች፤ ጣቱ ከዳነም በኋላ ፋሻው አልቆመም።

የቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲል ሥራው ተጠናቀቀ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ቆለፈው። ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ከዞን እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። መናኸሪያው ሙሉ መንገደኛ በአጥሩ ጀርባ ሲሠቃይ አዲሱ ሽንት ቤት በክብር ተቆልፎ ቆመ። ከጅማ የመጡት ሽማግሌዎችም መልስ ጠይቀው ሰው እንደ ላኩ ሰማን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሐጂው ዘበኛውን ጠርተው በጆሮው አንድ ነገር አሉት። አብረው የሚሰግዱ ናቸው። ዘበኛው ግራና ቀኝ አይቶ ከፈተ። እሳቸው ገቡ። ጓደኛዬ፣ ሦስቱ ተቋራጮችና እኔ በሩ ላይ ተሰልፈን ቆምን። የበር መከፈት፣ የበር መዘጋት ይሰማል። ውኃ ወረደ። እንደገና ውኃ ወረደ። ሌላ በር። አንድ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ መጥቶ ከኋላችን ተሰለፈ። «ተከፈተ እንዴ? ሰልፉ የዚህ ነው?» አለ።

«ቆይ ወንድሜ፣ ፈተና ላይ ነን» አለው ሻምበል።

ሐጂው እጃቸውን እያራገፉ ወጡ። «ሁሉንም ሞክሬያለሁ» አሉ። «የሦስተኛው በር ከውስጥ አይቆለፍም።»

ጓደኛዬ አፉን ከፈተ። «ሐጂ፣ መቀርቀሪያውን ያቀረበው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ በሰነዱ መሠረት...» አለና አቆመ። የጠቆረ ጥፍሩን አየው። «ዛሬ እቀይረዋለሁ።»

«ቀይረው» አሉ። «ነገ ደግሞ ሽማግሌዎችህን ላክ። ለነዚያ ለጅማዎቹ መልሳቸውን እነግራቸዋለሁ።» ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ። «ይኼን አስተማሪ ግን አትላክብኝ። ሲመጣ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው።»

የደዶው ሰው ጩኸቱን ለቀቀው፤ የሊሙው ሰው አልሐምዱሊላህ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጎነበስ ሰማሁት። በዚህ ግርግር መሀል ሻንጣውን የያዘው መንገደኛ በመካከላችን ሾልኮ ገብቷል። «ኧረ ይኼ በር አይዘጋም!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ጓደኛዬ ሮጠ። ስደርስ የሦስተኛውን በር እጀታ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ እየበራ ቆሞ አገኘሁት። «አይዞህ፣ ተረጋጋ፣ ይዤልሃለሁ» ይለዋል ለመንገደኛው።